ቀዩና ቡናማው ቆሮሶ

እታለም ዓሣን የምታውቀው ገድላ ነበር። ይህን የምለው ክፋቷን ላወራ አይደለም፤ ሥራዋ እንዲያ ነበር። ጠዋት ከመረብ የወጣውን ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ አመጣላታለሁ። በግራ እጇ ጨብጣ አናቱን በአጭር ዱላ አንዴ ትለዋለች፤ ጅራቱ መራገጡን ሳይተው መቀሱን ከጉንጩ ሥር ታስገባና ጉሮሮውን ከዳር እስከ ዳር ትከፍተዋለች። ሥጋው ጉዳይዋ አይደለም። የምትፈልገው ከጉሮሮው ግርጌ ያለችውን፣ ጥርስ የበቀለባትን ባለ ሦስት ማዕዘን አጥንት ነው። አጥንቷን በወረንጦ መንግላ ታወጣለች፣ ደሙን ታጥባለች፣ ከአጉሊ መነጽር ሥር ታኖራታለች። የቀረው ለጣቢያው ድመቶች ነው። በዚያ ግቢ ከዳይሬክተሩ ቀጥሎ የተመቸው ፍጥረት ድመት ነበር።

እኔ የአክስቷ ልጅ ነኝ፤ የዓሣ ምርምር ጣቢያው ጀልባ ነጂም ነኝ። በቤት ታላቄ፣ በሥራ አለቃዬ ስለሆነች የምገላገልበት ሰዓት አልነበረኝም። እታለም የምንላት እኔና ታናሽ ወንድሟ ነን። ዓሣ አጥማጆቹ ከኋላዋ “ጉሮሮ ቀዳጇ” ይሏታል፤ ፊት ለፊት የሚደፍራት ግን አልነበረም። ቁጡ ናት። አንድ ጊዜ ምሳዬን ከዓሣዎቿ ማቀዝቀዣ ውስጥ አግኝታው ከነሳህኑ ሐይቅ ውስጥ ወረወረችው። እኔም ቁጡ ስለሆንኩ ለሳምንት ያህል በጀልባው ላይ ሳንነጋገር ሠራን፤ መልሕቅ ጣል ስትለኝ እንኳ በእጇ ነበር የምታሳየኝ።

ወንድሟን “ትንሹ” እንለዋለን። አድጎ በር የሚያጎነብሰው ሰው ከሆነ በኋላም ስሙ አልተለወጠም። እናታቸው፣ ማለት አክስቴ፣ ቀኑን ሙሉ ገበያ ስለምትውል ልጁን አዝላ ያሳደገችው እታለም ናት። ዋና ያስተማረችውም እሷ ናት፤ በሸሚዙ ኮሌታ አንጠልጥላ ወደ ውሃው እየጣለች። የእናቷ ልጅ ሳይሆን የራሷ ልጅ ነበር የሚመስላት። እሱም ከሆዱ የሚወዳት፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ሰው ሲጣላ መንገድ የሚቀይር ልጅ ሆኖ አደገ። ከሁሉ የሚገርመው ዓሣ አጥማጅ ሆኖ ዓሣ መምታት አይችልም ነበር። ሌላው አጥማጅ የያዘውን እዚያው ጀልባው ላይ አናቱን እያለ ይጥለዋል። ትንሹ ግን የያዘውን ከመረብ በሠራው ጎጆ ውስጥ አስገብቶ ውሃው ላይ በሕይወት ያቆየዋል፤ ነጋዴው መጥቶ የፈለገውን ያድርገው ይላል። ለዚህ ባህሪው ስንት ቀን ስቀንበታል። መዘዙ የመጣው ከዚያው ጎጆ ነው።

የቆሮሶ ቤተሰብ በእታለም አፍ ሲነገር እንዲህ ነው። ከሌላው ዓሣ የሚለይበት ምልክት አለው፤ ሌላው በየጎኑ ሁለት የአፍንጫ ቀዳዳ ሲኖረው የቆሮሶ ወገን በየጎኑ አንድ ብቻ ነው ያለው። ከጉሮሮው ውስጥ ደግሞ ሁለተኛ መንጋጋ አለው። የፊተኛው ይይዛል፣ የኋለኛው ይፈጫል። በአንድ መንጋጋ ብቻ ሰው ፈጭተው የሚውጡ ዘመዶች አሉን ብያት ስቃለች፤ ስትስቅ ያየኋት ከስንት አንዴ ነው። ቤተሰቡን ከሌላው ቤተሰብ መለየት ቀላል ነው ትል ነበር። ጭንቁ እዚያው ቤት ውስጥ ማን ከማን እንደሆነ መለየቱ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ይመሳሰላሉ።

በእኛ ሐይቅ ውስጥ ቋጥኙ ዘንድ ሆዱ ቀይ የሆነ ቆሮሶ ነበር፣ አሸዋው ዘንድ ደግሞ ቡናማ። እታለምን ያስተማሩ ሽማግሌ ሁለቱን እንዳይበሰብሱ በፎርማሊን ነክረው፣ በየጠርሙሳቸው አድርገው፣ ሁለት ዝርያ ናቸው ብለው መደቧቸው። ከቡናማዎቹ መካከል ሴትም ወንድም ተገኘ። ቀዮቹ ግን ወንዶች ብቻ ነበሩ። ሴቶቻቸውስ የት አሉ ሲባል፣ ከቋጥኙ ሥር መረብ የማይደርስበት ጥልቅ ውሃ ውስጥ ናቸው ተባለ። ጎረቤትህ ዘንድ ሚስት ስላላየህ ሚስቱ ጓዳ ተቆልፎባታል እንደማለት ነው። ዛሬ ይህን እላለሁ እንጂ ያኔ ለእኔም አልታየኝም። እታለም ደግሞ የሽማግሌውን ምደባ በአጥንት አጸናችው። የቀዩ የጉሮሮ አጥንት ወፍራም፣ ጥርሱ የደነዘዘ ነው፤ የቡናማው ቀጭን፣ ጥርሱ ሾጣጣ። ስንቱን ዓሣ ገድላ ስንቱን ጉሮሮ ቀድዳ ነው ያንን ያረጋገጠችው። ከዚያ ወዲያ የጠየቀ አልነበረም።

ምደባው ጠርሙስ ውስጥ ቢቀር ኖሮ ማንም አይጎዳም ነበር። ግን የሐይቁ አስተዳደር በእሱ ላይ ደንብ አወጣ። ቋጥኙ ዳር የሚኖሩት ላይኞቹ ቀዩን ያጥምዱ፣ አሸዋው ዳር ያሉት ታችኞቹ ቡናማውን ያጥምዱ፤ አንዱ የሌላውን ዓሣ ይዞ ቢገኝ ሌባ ነው ተባለ። ለጊዜው ሰላም የሆነ መሰለ። ከዚያ ዓሣው እያነሰ ሄደ፤ ከሁለቱም ወገን አነሰ። ላይኞቹ ታችኞቹን፣ ታችኞቹ ላይኞቹን ሌባ አሉ። መጀመሪያ መረብ ተቀደደ፣ ቀጥሎ ጀልባ ተቃጠለ፣ ቀጥሎ ከታችኞቹ አንዱ አናቱ ተፈንክቶ ሸምበቆ ውስጥ ተንሳፍፎ ተገኘ። ሬሳውን በመንጠቆ ስቤ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ፊቱን ዓሣ ጀምሮት ነበር።

የላይኞቹ አለቃ “መዶሻ” ይባላል። ደረቱ ሰፊ፣ ድምፁ ጎርናና፣ ዘወትር ብረት የተሸበበበት ዱላ ከእጁ የማይለየው ሰው ነው። ቋጥኙ ላይ ተቀምጦ የሚያልፈውን ጀልባ ሁሉ ያስቆማል፣ መረብ ያስፈታል፣ የተናገረውን ይመታል። የሰው ጥርስ ሲያወልቅ ቆሜ አይቻለሁ። ወገኖቹ ይፈሩታል፤ ከእሱ ጀርባ አንገታቸውን ደፍተው ነበር የሚሄዱት። የሚወደው ሰው ግን አልነበረም፤ እኔም ከማይወዱት አንዱ ነበርኩ።

ታዲያ አንድ ጠዋት መዶሻና ሰዎቹ ወደ አሸዋው ዳር መጡና የትንሹን የመረብ ጎጆ ከፈቱት። ውስጡ ሆዳቸው እንደ ፍም የቀላ ቆሮሶዎች ነበሩ። እጅ ከፍንጅ ተያዘ ማለት ይኸው ነው። ትንሹ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሲይዛቸው ቡናማ ነበሩ፣ ጎጆው ውስጥ ነው የቀሉት። ላይኞቹ ሳቁ። የራሱ ሰዎችም አንገታቸውን አቀረቀሩ፤ የያዙትን እዚያው ስለሚገድሉ ዓሣ ሲቀላ ያየ ከመካከላቸው ማንም የለም። እየገፈተሩ ወደ ጣቢያው ግቢ አመጡት። የምትፈርደው ጉሮሮ ቀዳጇ ናት አለ መዶሻ፤ የእናቱ ልጅ ናት፣ ለእኛ አዳላች እንዳትሉ እሷው ትናገር።

እታለም ደም የነካው ሽርጧን እንዳደረገች ወጣች። ወንድሟ መሬት ላይ ተንበርክኳል፣ ከንፈሩ ተሰንጥቋል። ቀና ብሎ ሲያያት ፊቱ በራ፤ ዳኛው ዘመድ የሆነለት ሰው ፊት ነበረው። መዶሻ አንዱን ቀይ ዓሣ እግሯ ሥር ጣለና ቡናማ ቀይ ይሆን እንደሆነ ጠየቃት። ዓሣውን አነሳችው፣ አገላብጣ አየችው። እኔ ከጎኗ ነበርኩ። ብትዋሽለት ብዬ ተመኘሁ፤ የምትዋሽ ሰው አለመሆኗን ስለማውቅ ደግሞ ፈራሁ።

“ቡናማ ቀይ አይሆንም” አለች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። እዚያው ጎትተው ወደ ውሃው ዳር ወሰዱት። ቀኝ እጁን የጀልባው ጠርዝ ላይ ዘርግተው ሁለት ሰው ያዘው፤ መዶሻ ብረት በተሸበበበት ዱላ ጣቶቹን መታቸው፣ አንድ በአንድ ሳይሆን በአንዴ፣ ደግሞ መልሶ። ድምፁ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር ይመስል ነበር። ትንሹ አልጮኸም፤ የጮኸችው እታለም ናት፣ አፏን የያዝኳት እኔ ነኝ። እጄን ነከሰችኝ፤ ጠባሳው ዛሬም አለ። መዶሻ ዱላውን በትንሹ ሸሚዝ ጠርጎ፣ ቀይ ዓሣ ዳግመኛ ጎጆህ ውስጥ ካገኘሁ ድንጋይ አንገትህ ላይ አስሬ ነው የምጥልህ አለና ሄደ። ይህን የሚል ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ መዶሻ ግን ያለውን የሚያደርግ ሰው ነበር።

በእናታቸው ቤት እጁን በእንጨትና በጨርቅ አሰርንለት። እናትየው በሩ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። እታለም ሺህ ጉሮሮ በቀደደ እጇ ጣቶቹን ለማቅናት ሞከረች። ትንሹ ግድግዳውን እያየ ተናገረ።

“እታለም፣ እኔ ዋሽቼሽ አውቃለሁ?”

ጨርቁን ቋጠረችና ወጣች፤ ተከትያት ስወጣ ነገ የምታመጣቸውን ቡናማዎች አልገድላቸውም፣ በባልዲ ከነውሃቸው ነው የምፈልጋቸው አለችኝ። ይህን ያህል ዘመን ስንሠራ ዓሣ ከነውሃው አምጣ ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነበር። ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ በዚያ ጣቢያ ውስጥ የሞተ እንጂ የሚዋኝ ዓሣ ያየ ሰው አልነበረም።

ከዕቃ ቤት የተሰነጠቀ የመስታወት ገንዳ አወጣን፣ ስንጥቁን በሙጫ ደፈንን፣ ቡናማ ወንዶቹን ጨመርንበት። እሷ በርጩማ ስባ ከፊቱ ተቀመጠች። መጀመሪያ ዝም ብለው ተጠጋግተው ቆሙ። ከዚያ ከመካከላቸው ወፈር ያለው አንዱን ጥግ ያዘ፤ የሚቀርበውን በአፉ ይገጫል፣ ክንፉን ይነጫል፣ አፍ ለአፍ ተያይዘው ይጎታተታሉ። ሲያሸንፍ ዓይኑን የሚያቋርጥ ጥቁር መስመር ወጣለት፣ ቀጥሎ ሆዱ ቀላ። ከጠዋት ጀምሮ ስናየው የነበረው ቡናማ ዓሣ ምሳ ሳይደርስ እንደ ፍም ሆነ። ከዚያ ወዲያ ሌሎቹን አንድ በአንድ ገደላቸው። ማምለጫ የላቸውም፤ ሐይቅ ቢሆን ይሸሻሉ፣ መስታወት ውስጥ የት ይሄዳሉ? ቅርፊታቸው ውሃው ላይ ተንሳፈፈ።

እታለም ቀዩን አውጥታ እንደ ልማዷ አናቱን አለችው፣ ጉሮሮውን ቀደደችው። አጥንቱ ቀጭን፣ ጥርሱ ሾጣጣ ነበር፤ የቡናማ አጥንት በቀይ ዓሣ ውስጥ። ያኔ ሁሉም ገባት። ቋጥኝ ዘንድ የሚኖረው ዓሣ ቀንድ አውጣ ስለሚፈጭ አጥንቱ ይወፍራል እንጂ ዘሩ ሌላ አይደለም። ቀዩ ቦታ የያዘው ወንድ ነው። ቡናማዎቹ ሚስቶቹና ቦታ ያላገኙት ወንዶች ናቸው። ታችኞቹ እናቶቹን፣ ላይኞቹ አባቶቹን ሲያጠምዱ፣ ሁለቱም የራሴን ብቻ ነው የወሰድኩት እያሉ አንድ ቤት ከሁለት በር ሲዘርፉ ኖረዋል። የተፈነከተውም ሰው፣ የተቃጠለውም ጀልባ፣ የወንድሟም ጣት በዚህ ነው የሄደው። ዱላውን አነሳችና የሽማግሌውን ጠርሙሶች ከመደርደሪያው እየጠረገች ወለሉ ላይ ሰባበረቻቸው። ፎርማሊኑ ዓይናችንን አቃጥሎ አስለቀሰን፤ እሷ ግን ከዚያ በፊትም እያለቀሰች ነበር።

ዳይሬክተሩ ነገሩን ሲሰማ ቀስ እንበል አለ። ደንቡ የወጣው በጣቢያው ቃል ነው፣ ተሳስተናል ብንል ማን ያምነናል፣ ለስብሰባ ይቅረብ። ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ነው ብዬ ፊቱ ላይ ተናገርኩት፤ ከሥራ ያላባረረኝ ጀልባውን የሚያስነሳ ሌላ ሰው ስለሌለው ነው። እታለም ስብሰባ የምትጠብቅበት ጊዜ አልነበራትም። ትንሹ የሚያበላቸው ልጆች አሉት፤ በግራ እጁ መረብ መጣል ጀምሯል፤ ዓሣ መምታት ደግሞ አሁንም አይችልም፣ ስለዚህ ጎጆው ውስጥ ነገ ዓሣ መቅላቱ አይቀርም። ሁለቱንም ወገን ወደ ግቢው ጠራች።

መጡ። ላይኞቹ በአንድ ወገን፣ ታችኞቹ በሌላው፣ ገንዳው መሐል ጠረጴዛ ላይ። ትንሹ በታሰረ እጁ ከፊት ቆሟል፤ መዶሻ ዱላውን ተደግፎ ከፊቱ። ገንዳው ውስጥ አንድ ቀይና አንድ ቡናማ ነበሩ፤ ቡናማው ጥግ ተሸጉጧል። እታለም ጥፋቱ የእኔ ነው ብላ ጀመረች፤ ወንድሜ እውነቱን ተናግሮ እኔ ነኝ ያላመንኩት አለች። ከዚያ ቀዩን በእጇ ይዛ አወጣችና በሁሉም ፊት አናቱን አለችው።

“ቀዩ እያለ ቡናማው አንገቱን ደፍቶ ይኖራል” አለች። “ቀዩን ስታነሱት ምን እንደሚሆን ቆማችሁ እዩ።”

ቆመን አየን። ፀሐዩ አናታችን ላይ ነበር። ቡናማው ከጥጉ ወጣ፣ ገንዳውን ዞረው፣ የሞተው ቦታ ላይ ቆመ። ዓይኑ ላይ መስመሩ ወጣ። ከዚያ ሆዱ መቅላት ጀመረ፤ ሴቶቹ አፋቸውን ያዙ፣ አንድ የላይኞች ሽማግሌ ጉድ ነው አሉና መሬት ተቀመጡ። ሰው ሁሉ ወደ ገንዳው ሲያይ እኔ ወደ ትንሹ አየሁ። እሱ ገንዳውን አያይም፤ መዶሻን ነበር የሚያየው።

መዶሻ ነገሩ ምን እንደሚያስከትል ከሁሉ ቀድሞ ገብቶታል። ቀይ የሚባል ዝርያ ከሌለ ቋጥኙ የእሱ አይደለም፣ እሱም ማንም አይደለም። ዱላውን አንስቶ ገንዳውን መታው። መስታወቱ ተበተነ፣ ውሃው በእግራችን ላይ ፈሰሰ፣ ቀዩ ዓሣ ስብርባሪው መሐል ተራገጠ። ያቺ ዱላ ስትነሳ ሁልጊዜ ሰው ወደ ኋላ ይል ነበር። በዚያን ቀን ወደ ኋላ ያለ አልነበረም። የራሱም ሰዎች መንገድ ለቀቁ። ከታችኞቹ ድንጋይ ተወረወረ፣ ግንባሩን ሰነጠቀው፤ መዶሻ ደሙን በክንዱ እየጠረገ ሮጠና ጀልባው ውስጥ ዘለለ። ጀልባዎች ተከተሉት። ከፊት የነበረው ትንሹ ነው።

እታለም ኮሌታዬን ይዛ ወደ ጀልባችን ጎተተችኝ። ማስቆም ነበር ፍላጎቷ፤ ሌላ አልነበረም። ከሸምበቆው ማዶ ስንደርስ የተቀደደ መረብ ሞተሬን ያዘው፤ ጎንበስ ብዬ በቢላዋ መቁረጥ ጀመርኩ። ስለዚህ ከዚያ በኋላ ያለውን በጆሮዬ ሰማሁ እንጂ በዓይኔ አላየሁም። ጎንበስ ከማለቴ በፊት ያየሁት የመዶሻ ጀልባ ተገልብጦ፣ እሱም የትንሹን ጀልባ ጠርዝ ሲይዝ ነው። ከዚያ ሲማልድ እሰማለሁ፤ ያ ጎርናና ድምፅ ቀጥኖ ልጆቼን እያለ ይማጸናል። ከዚያ የመቅዘፊያ ድምፅ ሰማሁ፤ ውሃ ሳይሆን አጥንት ሲመታ። ደግሞ ተደገመ። እታለም ከጀልባችን ፊት ቆማ ነበር፤ ከወንድሟ ጋር ፊት ለፊት። ሞተሩን አስነስቼ ቀና ስል ውሃው ቀልቷል፣ ትንሹ መቅዘፊያውን በግራ እጁ ይዞ ቆሟል። በሕይወቱ ዓሣ መትቶ የማያውቅ ልጅ። እታለም ጀልባው ወለል ላይ ቁጭ አለች።

መዶሻ ሸሽቶ ሰጠመ ተባለ። ታችኞቹ ምንም አላየንም አሉ፣ ላይኞቹም አልገፉበትም፤ ከእሱ በመገላገላቸው ደስ ያላቸው ነበሩ። ደንቡ ተሻረ። አሁን ደህና ይሆናል አልን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ግን ያልጮኸ ሁሉ መጮህ ጀመረ፤ ከሁሉ በላይ ትንሹ። ቋጥኙ ላይ የመዶሻ መቀመጫ ላይ ተቀመጠ። ብረት የተሸበበበትን ዱላ ከውሃ አስወጥቶ ያዘ። ጀልባ ያስቆማል፣ መረብ ያስፈታል። ድምፁ እንኳ ወፈረ፤ ወንድሞቼ ይላቸው የነበሩት ሰዎች ከኋላው አንገታቸውን ደፍተው ሲሄዱ አየሁ። የቤቱንም ነገር ሰማን፤ ሚስቱ በበለዘ ዓይን ውሃ ስትቀዳ ታየች።

ከላይኞቹ አንዱ፣ የመዶሻ እህት ልጅ፣ ያለ ትንሹ ፈቃድ አጥምዷል ተብሎ ተያዘ። ቀኝ እጁን የጀልባው ጠርዝ ላይ ዘረጉት። የሆነውን ለመናገር አልደክምም፤ ታውቁታላችሁ። ልጁን ወደ ጣቢያው ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ የሰበረው ማን እንደሆነ ሲነግራት እታለም እጁን ይዛ ነበር። ጣቶቹን ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ልክ የወንድሟ ጣቶች በተሰበሩበት ቦታ ነበር የተሰበሩት።

በማግስቱ ስለ መዶሻ አሟሟት ለፖሊስ መርማሪ ቃል እሰጣለሁ አለች። ከእኔ ጋር የተጣላነው ያኔ ነው። ዝም አይነቅዝም አልኳት፤ የሞተው ሞቷል፣ የሞተውም መዶሻ ነው፣ ለእሱ ብለሽ የእናትሽን ልጅ ትሰጫለሽ ወይ ብዬ ጮህኩባት። እናቷ እግሯ ላይ ወደቀች። ያየሽው እሱን ላይሆን ይችላል፣ ፀሐይ ዓይንሽ ውስጥ ነበር በይ፤ የእኔ ልጅ ያንን አያደርግም፣ ያ ሌላ ሰው ነው አለቻት። እታለም እናቷን አነሳችና አልጋዋ ላይ አስቀመጠቻት፣ ጫማዋንም አወለቀችላት። አሳቧን ግን አልቀየረችም። ተናድጄባት ነበር፣ ዛሬም ሳስበው አንዳንዴ እናደዳለሁ።

መርማሪው ታችኞቹን በጣቢያው ግቢ በአንድ መስመር አሰለፋቸው፤ ገንዳው ተሰብሮበት የነበረው ቦታ ላይ፣ ስብርባሪው አሁንም ከጫማ ሥር ይንኮሻኮሻል። ከመስመሩ ፊት ዝግ ብላ አለፈች። ሰዎቹ ወደ መሬት ያያሉ። ትንሹ ብቻ ቀና ብሎ ነበር የሚያያት፤ መጀመሪያ በቁጣ፣ ስትጠጋው ደግሞ ያ የድሮ ፊቱ ተመለሰ፤ ተንበርክኮ ሲያያት የነበረው። እዚያው ስትቆም አትናገሪ ብዬ በልቤ ለመንኳት።

“እታለም” አላት በዚያ ዝቅ ባለ ድምፁ፤ “እኔ እኮ ነኝ።”

እጇን አንስታ ደረቱ ላይ አሳረፈችው። እንደ መጠቆም አልነበረም፤ ልጅ እንደ ማባበል ነበር።

“አውቃለሁ” አለችው። “አንዱን ዓሣ ሁለት አድርጌ አንዴ ሰው አስገድያለሁ። ከእንግዲህ ሁለት አላደርግህም።”

ከዚያ ወደ መርማሪው ዞራ ይሄ ነው አለች፤ ምንሽ ነው ሲላት ወንድሜ ነው አለች። ትንሹ አልታገለም። ሁለት እጁን ለካቴና ዘረጋ፤ የቀኝ ጣቶቹ ተጣመው ስለቀሩ ብረቱ አልገባ ብሎ ፖሊሱ ተቸገረ። እታለም ጠጋ ብላ ጣቶቹን አንድ ላይ ሰበሰበችለትና እስኪቆለፍ ድረስ ያዘችለት።